አበባ ነው ያልኩዎት ዘር

ሮም፣ ሰኔ 19 ቀን 2009 ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ኔትወርኩ አልተቋረጠም፣ ባትሪዬም አላለቀም። በስልክ እየመከሩኝ ያበቀልኩት ተክል ሐሺሽ መሆኑን ስነግርዎ «አውቃለሁ» አሉኝ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ቀጥለው የጠየቁኝን ስሰማ ደግሞ እጄ እኔን ሳያማክር ዘጋው። ይኸው ዛሬ አሥራ አንድ ቀን ሆነ። ስልኩን ስንት ጊዜ አንስቼ መልሼ እንዳስቀመጥኩት አልቆጠርኩም። ድምፅዎን ስሰማ ማልቀሴ አይቀርም፣ ካለቀስኩ ደግሞ ወሬዬ ሁሉ ይምታታብኛል። ስለዚህ በወረቀት ይሻላል አልኩ። ሰዓቱ ከምሳ በኋላ ነው፤ አሮጊቷ ተኝተዋል፣ እኔ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ነኝ።

«የትኛዋ አሮጊት?» እንደሚሉ አውቃለሁ። ከእሳቸው ልጀምር፤ ያለ እሳቸው የዘሩ ታሪክ አይገባዎትም።

አባባ፣ የትርጉም ቢሮ የሚባል ነገር የለም። ኖሮም አያውቅም። እዚህ አገር ሽማግሌና አሮጊት ቤታቸው አድራ የምታስታምም ሴት ባዳንቴ ትባላለች። እኔ ባዳንቴ ነኝ። ሲኞራ ኢቫና የሚባሉ የሰማንያ አንድ ዓመት ሴት ጋ፣ ፒኜቶ በሚባል ሰፈር አምስተኛ ፎቅ ላይ ከኖርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። አጥባቸዋለሁ፣ አለብሳቸዋለሁ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እሰጣለሁ፣ ደረጃ ሲወርዱ ክንዳቸውን እይዛለሁ። እሁድ ስንነጋገር «ስብሰባ ልገባ ነው፣ ቻው አባባ» የምልዎት እሳቸው ከመታጠቢያ ቤት ሲጠሩኝ ነው።

በመጣሁ በመጀመሪያው ወር «ምን እየሠራሽ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ያኔ የሰው ደረጃ ነበር የማጥበው። እርስዎ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ አስተምረው የላኩኝ ልጅ ነኝ። «ትርጉም ነገር እሠራለሁ» አልኩ። ለአንድ ወር የምትበቃ ውሸት መስላኝ ነበር። ከዚያ እርስዎ ለጎረቤት ነገሩ፣ ለዕድሩ ሰዎች ነገሩ፣ የእህቴ የመዓዛ ሠርግ ላይ እንግዳ ሁሉ «ተርጓሚዋ ልጅዎ ደህና ናት?» አለ ሲባል ሰማሁ። መመለሻው ጠፋብኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከእርስዎ ጋር የማወራው አጥቼ በአምስት ደቂቃ የምዘጋው ለዚህ ነው። ብዙ ካወራሁ እውነቱ ያመልጠኛል ብዬ ነው።

አሁን ወደ ዘሩ ልግባ።

ሲኞራ አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ማውሮ የሚባል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሞቷል። ክፍሉ ልብሱም ጫማውም እንዳለ ተዘግቶ ነው የኖረው። በመጋቢት መጀመሪያ ከላይኛው ፎቅ ቧንቧ ፈነዳና ውኃ በክፍሉ ጣሪያ መንጠባጠብ ስለጀመረ ቁም ሳጥኑን ባዶ ማድረግ ግድ ሆነብን። ጫማዎቹን ሳወጣ ከአንደኛው ውስጥ የሚንኳኳ ነገር ሰማሁ። ድሮ የፎቶ ፊልም የሚቀመጥባት ትንሽ ጥቁር የፕላስቲክ ዕቃ ናት። ክዳኗን ስከፍት ዘር ነው። ሃያ ሦስት ፍሬ።

ሲኞራ መዳፋቸው ላይ ገለበጡት።

«ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ካናፓ ነው። ማውሮ የሚያበቅለው ተክል። ማክዳ፣ እንትከለው።»

ካናፓ የሚለውን ቃል ሰምቼው አላውቅም ነበር። የሆነ አበባ ስም መሰለኝ። እናት የልጇን አበባ ማየት ፈለገች፤ ከዚህ ያለፈ ምንም አላሰብኩም።

አምስቱን አፈር ውስጥ ቀበርን። ሁለት ሳምንት ጠበቅን፣ ምንም የለም። አራቱን ትምህርት ቤት ባቄላ እንደምናበቅለው በእርጥብ ጥጥ ጠቀለልኩ። ሻጋታ አወጡ። ያን ቀን ሲኞራ ወንበራቸው ላይ ሆነው እንደ ሕፃን አለቀሱ። በስድስት ዓመት ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም፤ ዳሌያቸው ተሰብሮ አምቡላንስ ውስጥ ሲገቡ እንኳ አላለቀሱም። ያኔ ነው እርስዎ ትዝ ያሉኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በዘር ላቦራቶሪ ውስጥ እርጥብ ወረቀት ላይ የተደረደረ ፍሬ ሲቆጥር የኖረ አባት እያለኝ ማንን ልጠይቅ?

ማክሰኞ ቀን ነበር የደወልኩት። እርስዎም ደንግጠው «ምን ሆንሽ?» ነበር ያሉኝ።

«ምንም አልሆንኩም። አልበቅል ያለ ዘር አለኝ፣ ምን ላድርገው ብዬ ነው።»

«የምን ዘር?»

«አበባ ነው። ስሙን አላውቀውም።»

«የማን ነው?»

እንግዲህ እዚህ ጋ ነው ሁሉ ነገር የተበላሸው። የማስታምማቸው ሴትዮ ነው ብል ቢሮው ሊፈርስብኝ ነው። «የኔ ነው» አልኩ። «ቤቴ በረንዳ ላይ ላበቅለው ፈልጌ ነው።»

«እስቲ ምን እንደሚመስል ንገሪኝ።»

ዓይኔ ሥር አድርጌ እያየሁ ነገርኩዎት። ምስር ያክላል፣ ክብ ሆኖ ጫፉ ሾል ይላል፣ መልኩ ግራጫና ቡና ዓይነት ሆኖ ዝንጉርጉር ነው፣ ጠርዙን ዙሪያውን ቀጭን መስመር ይዞታል። ጨርሼ ጠበቅኩ። ዝም አሉ። ዝምታው ስለረዘመ የጠፉ መስሎኝ «አባባ፣ ይሰማዎታል?» አልኩ።

«ይሰማኛል» አሉኝ። ድምፅዎ ወርዶ ነበር። «ስንት ዓመቱ ነው?»

«አሥራ አንድ።»

«አርጅቷል። ቆዳው ደርቆ ውኃ አያስገባም። ስንት ቀረሽ?»

«አሥራ አራት።»

«ሁሉንም ባንዴ አትጨርሺው። ነገ ደውዪልኝ፣ አስቤበት እነግርሻለሁ።»

በማግስቱ ደወልኩ። በማግስቱም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባባ፣ ሁለታችን እንደ አዲስ ተዋወቅን። የክብሪት ቀፎ ውስጥ ብርጭቆ ወረቀት አንጥፌ፣ ዘሮቹን ጨምሬ ቀስ ብዬ እንዳንቀጠቅጥ አስተማሩኝ። ለብ ባለ ውኃ አሳድሬ በእርጥብ ሶፍት መሃል፣ በሁለት ሳህን መሃል እንዳስቀምጥ ነገሩኝ። የመጀመሪያዎቹን ሰባት ቤት የሚያሞቀው ቴርሞ ላይ አስቀምጬ ቀቀልኳቸው። «ዘር እንጂ ንፍሮ አላልኩሽም!» ብለው ሲስቁ ሰማሁ። እርስዎ ሲስቁ መቼ ነበር የሰማሁት?

ዘሩን እየጠበቅን ስለራስዎ አወሩልኝ። ስድስት ዓመት ሲሆነኝ ለምን እንደተለዩን የነገሩኝ ያኔ ነው። ከመቶው ፍሬ ስልሳ አንዱ ብቻ የበቀለውን የስንዴ ዘር፣ አለቃዎ ዘጠና ሁለት ብለህ ፈርም ብሎዎት እምቢ ስላሉ፣ ሩቅ ጣቢያ ተዛውረው አራት ዓመት ከቤትዎ እንደራቁ። እኔ ከእማማ ጋር ተጣልተው የሄዱ ይመስለኝ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ እንደዚያ አምኜ ኖሬያለሁ። ያን ቀን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የሲኞራን ሾርባ አሳረርኩት።

አንዳንዴ ደግሞ ግራ የሚያጋቡ ጥያቄዎች ይጠይቁኝ ነበር። «ትበያለሽ ግን?» «እንቅልፍ ይወስድሻል?» «ጓደኞችሽ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?» «ብቻሽን ስትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ?» እኔ እርጅና ልብዎን አለሰለሰው ብዬ ደስ እያለኝ እመልስ ነበር። «ጓደኞቼ? አሉ፣ ሐሙስ ሐሙስ እንገናኛለን» እያልኩ። ዛሬ ሳስበው ጆሮዬ ድረስ ይግለኛል።

ከሁለተኛዎቹ ሰባት አንዱ ብቻ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ተሰነጠቀ። ሶፍቱን ስገልጥ እንደ ክር የቀጠነች ነጭ ሥር ወጥታለች። ሲኞራ ሳህኑን አንስተው ሳሙት። እኔም ጮቤ እየረገጥኩ ደወልኩልዎት። «በቀለ! አባባ፣ በቀለ!» እርስዎ ትንሽ ቆይተው «እሰይ» አሉ። ልክ እንደ ደከመው ሰው።

ሲኞራ ተክሉን በማውሮ ክፍል፣ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር አኖሩት። በሰኔ መጀመሪያ ከጉልበቴ አልፎ ነበር። ፎቶ እንዳላነሳው ከልክለውኝ ነበር፤ እሳቸው «ዓይን ይገባዋል» ቢሉም እኔ ግን ለእርስዎ ሳላሳይ መቅረት ስላልቻልኩ ሰርቄ አነሳሁት። ስልኬ አልልክም አለ። ሐሙስ ከሰዓት ዕረፍቴ ስለሆነ ቪያ ቮልቱርኖ በሚባል መንገድ ላይ ወደሚሠራው ሰናይ ጋ ሄድኩ። ሰናይ ኤርትራዊ ነው፤ አዲስ አበባ እስከ አሥረኛ ክፍል ተምሯል፣ አሁን የአበሾቹን ሁሉ ስልክ የሚጠግነው እሱ ነው።

«አሎራ፣ ሜሞሪሽ ሞልቶ ነው። የማትፈልጊውን ላጥፋልሽ» እያለ ፎቶዎቹን በጣቱ ሲገፋ ድንገት ቆመ። ቀና ብሎ በሩን አየ። ስልኬን ደረቱ ላይ ለጠፈው።

«ማክዳ፣ ይሄ የማን ነው?»

«የኔ! እኔ ነኝ ያበቀልኩት» አልኩት በኩራት። «አባቴ በስልክ እያስተማረኝ።»

«አባትሽ?»

«አዎ። ካናፓ ይባላል።»

ሳቀ። ሳቁ መሃል ፊቴን አየና አቆመ። «የምርሽን ነው እንዴ? ሐሺሽ ነው እኮ! ማሪዋና! ይሄን ቅጠል ከነቴራ ላይ አይተሽው አታውቂም?»

አይቼዋለሁ። ፒኜቶ ቡና ቤቶች በር ላይ በሚቆሙት ልጆች ከነቴራ ላይ ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ። በየቀኑ ውኃ የማጠጣው ተክል እሱ ይሆናል ብሎ ግን ማን ያስባል? ሰናይ ወንበር ሰጠኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ፔርሜሶሽ መቼ ነው የሚታደሰው?» አለኝ። የመኖሪያ ፈቃዴን ማለቱ ነው፤ የሚታደሰው ክዌስቱራ በሚባለው የፖሊስ መሥሪያ ቤት ነው።

«የዛሬ ሳምንት ክዌስቱራ ቀጠሮ አለኝ።»

«ማዶና! ለጣሊያኗ አሮጊት ምንም ላይሆን ይችላል። አንቺ ግን እዚያው ቤት የምትኖሪ የውጭ ሰው ነሽ። ዛሬውኑ አስወግጂው።»

እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። ኤስኲሊኖ የሚባለውን ሰፈር በእግሬ አቋርጬ ትራም መኖሩ ትዝ ያለኝ ግማሽ መንገድ ከሄድኩ በኋላ ነው። ያየኝ ሰው ሁሉ ፖሊስ መሰለኝ። አትክልት የሚሸጠው ባንግላዴሹ «ቻው ቤላ» ሲለኝ እንኳ ክው አልኩ። ዘጠኝ ዓመት የለፋሁባት ወረቀት በአንድ ተክል ልትሄድብኝ! ቤተ ክርስቲያን ምን ይሉኛል፣ መዓዛ ምን ትላለች፣ ከሁሉም ደግሞ እርስዎ። ወረቀት አጭበርብሮ አልፈርምም ብሎ አራት ዓመት ከልጆቹ የተለየን ሰው፣ ሳያውቅ ሐሺሽ አስበቀልኩት ብዬ ነው ያበድኩት። ሳያውቅ!

ቤት ስገባ ሲኞራ ተክሉ አጠገብ ተቀምጠው ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላሉ።

«ሲኞራ፣ ይሄ ነገር ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር?»

«ቼርቶ» አሉኝ፣ ሳያፍሩ። በእርግጥ ማለታቸው ነው። «አንቺ ሃይማኖተኛ ነሽ። ብነግርሽ አትነኪውም ብዬ ፈራሁ።»

ጮህኩባቸው አባባ። የሰማንያ አንድ ዓመት ሴት ላይ ጮህኩ። «ፔርሜሶዬስ? ቢያስሩኝስ? እኔን ማን አስቦልኝ?» አልኩ። እሳቸው ጨርቁን እያጣጠፉ ሰሙኝ። ስጨርስ ቀስ ብለው አወሩ። ማውሮ ሃያ ሰባት ዓመቱ ሳለ በረንዳው ላይ ሁለት ተክል ነበረው። አንድ ቀን እሳቸው ተናደው ሁለቱንም ከነማሰሮው ወደ ግቢው ወረወሩት። ልጁ ጥቂት ልብስ ብቻ ይዞ ወጣ። ሳይነጋገሩ ሰባት ሳምንት እንዳለፈ በሞተር ሲሄድ ተገጨ። «ላጨሰው አይደለም። ማየት ብቻ ነው የፈለግኩት» አሉኝ። «አንድ ጊዜ፣ ሳልጥለው።»

ምን ልበላቸው? ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና ለእርስዎ ደወልኩ። የደወልኩት ይቅርታ ልጠይቅዎ ነበር።

«አባባ፣ ጉድ ሠርቼዎታለሁ። ያ ተክል አበባ አይደለም።»

«እ…»

«ሐሺሽ ነው አሉኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን። ዘሩን ስትነግሪኝ ነው ያወቅኩት። የኖርኩት በዘር ነው ልጄ፣ እንዴት ይጠፋኛል?»

«ታዲያ እያወቁ ለምን አስተማሩኝ?»

«እምቢ ብልሽ ኖሮ በማግስቱ ትደውዪልኝ ነበር?» አሉኝ።

አልደውልም ነበር፤ ለወር፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ።

እርስዎ ግን አላበቁም። በሕይወቴ ሰምቼው በማላውቀው ለስላሳ ድምፅ፣ «ልጄ፣ አልቆጣሽም። እውነቱን ብቻ ንገሪኝ። መቼ ነው የጀመርሽው?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው የዘጋሁት።

የእንቅልፉ ጥያቄ፣ የጓደኞቼ ጥያቄ፣ «ብቻሽን ስትሆኚ» ያሉት፣ ሁሉም ባንዴ ወረደብኝ። ለሦስት ወር ያህል ልጄ ሐሺሽ አጫሽ ሆናለች ብለው እያመኑ ነው ያወሩኝ። አንድም ቀን ሳይናገሩ። እውነቱን ልንገርዎት፣ በመጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። እንዴት እኔን እንደዚያ አሰቡኝ? ሲጋራ እንኳ አፌ ገብቶ የማያውቀውን ልጅዎን! ቆይቼ ነው «ሌላ ምን እንዲያስቡ ፈቀድሽላቸው?» ብዬ ራሴን የጠየቅኩት። የምኖርበትን ቤት አያውቁ፣ የምሠራውን አያውቁ፣ የማውቃቸውን ሰዎች አያውቁ። የነገርኩዎት እውነት የዘሩ መልክ ብቻ ነበር፣ እርስዎም ያመኑት እሱን ነው።

እሁድ መዓዛ ደወለችልኝ። ሰላም እንኳ አላለችኝም።

«ምን ብለሻቸው ነው? ከሐሙስ ጀምሮ እህል አልቀመሱም።»

ሁሉን ነገርኳት፤ ቢሮውንም፣ አሮጊቷንም፣ ተክሉንም።

«ማለት… አንቺ አትወስጂም?»

«በእመቤቴ ስም መዓዛ! ምን ሆናችኋል?»

መጀመሪያ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ማልቀስ ጀመረች። እርስዎ በየማለዳው ኡራኤል ሄደው እንደሚያስቀድሱ፣ ለምን ብላ ስትጠይቅዎ «ስእለት አለብኝ» ብቻ እንደሚሉ ነገረችኝ። ሠፈራችን ያለውን ፋርማሲስት «ይህን ነገር የለመደ ሰው በምን ይድናል?» ብለው መጠየቅዎንም ከሰው ሰምታ፣ ለማን እንደሆነ ግን ያኔ አልገባትም ነበር።

«ናዝሬትም ሄደው ነበር» አለችኝ።

«ናዝሬት ምን ሊያደርጉ?»

«ሳህለ ጋ።»

አባባ፣ ስሙን ስሰማ ወንበር ፈልጌ ነው የተቀመጥኩት። ታላቅ ወንድሜን ኪሱ ውስጥ ያ ዕፅ ተገኘ ብለው ልብሱን በማዳበሪያ ከረጢት አድርገው ከቤት ካስወጡት አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በቤታችን ስሙን ያነሳ የለም። እማማ ስትቀበር እንኳ ከሰው ኋላ ቆሞ ነው የሄደው። መዓዛ እንዳለችኝ፣ እርስዎ በሰባ አንድ ዓመትዎ በአውቶቡስ ናዝሬት ወርደው፣ ሲጠይቁ ሲጠያይቁ የሚሠራበትን ጋራዥ አገኙት። ሳህለ ከመኪና ሥር ሲወጣ እርስዎ ባርኔጣዎን ይዘው ቆመዋል። ሰላምታም የለ፣ ይቅርታም የለ። «አንተ ያን ነገር ተውከው አይደል? እንዴት እንደተውከው ንገረኝ። እህትህ ማክዳ ታማብኛለች» አሉት።

ሳህለ የዚያን ዕለት መዓዛ ጋ ደውሎ «አባባ አእምሯቸው ተነካ እንዴ?» አላት። ቅዳሜውን ግን አዲስ አበባ መጣ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከእርስዎ ጋር ምሳ ይበላል፤ እኔን እንዴት እንደምታድኑኝ ትመካከራላችሁ።

ይህን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ በምን ቃል ልጻፈው? ባልታመምኩት በሽታ የተነሳ ወንድሜ ቤቱ ገባ። አፌን በእጄ ይዤ ሲኞራ እንዳይሰሙኝ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

መዓዛን «ማክዳ ደህና ናት፣ ደብዳቤ ትጽፍልዎታለች፣ አሁን ይብሉ» ብቻ በያቸው አልኳት። ሌላውን ከኔ እጅ እንዲያነቡት ስለፈለግኩ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ይበቃኛል ብዬ ነበር፣ ጀምሬ ስንቱን ወረቀት እንደቀደድኩ አይጠይቁኝ።

የተክሉ ነገር እንዲህ አለቀ። ከሲኞራ ጋር በተጣላን ማግስት፣ አርብ ጠዋት፣ ተክሉ ላይ ወረቀት ለጥፈው አገኘኋቸው። በእጃቸው «ይህ ተክል የኔ ነው፣ ማክዳ ምንም የምታውቀው ነገር የለም» ብለው ጽፈው፣ ሙሉ ስማቸውን፣ የትውልድ ቀናቸውን፣ የመታወቂያ ቁጥራቸውን ሳይቀር አስፍረው ፈርመዋል። ፖሊስ ቢመጣ እንዲያነበው ነው። በዚያ ሁሉ ጭንቀቴ መሃል ሳቅ አፈነኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ቁርሳቸውን እንደበሉ «መቀሴን አምጪልኝ» አሉ። ልብስ ሰፊ ነበሩ፣ ትልቁን የጨርቅ መቀስ ማለታቸው ነው። ከጫፉ ጀምረው እስከ ሥሩ ቁልቁል ቆራረጡት። ልርዳዎት ስል እጄን መለሱት። የምግብ ትራፊ በሚጣልበት ከረጢት ከቱትና «አየሁት። ይበቃኛል» አሉ። የማውሮ ክፍል መስኮት ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍት ነው፤ ልብሶቹንም ለደብሩ ችግረኞች ሰጥተናል።

ሐሙስ ክዌስቱራ ሄድኩ። ጣቶቼን ለአሻራ ስዘረጋ ይሸቱ ይሆን ብዬ ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥቤ ነበር። ፖሊሱ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ቫ ቤኔ»፣ ደህና ነው ብሎ ደረሰኜን ሰጠኝ። ፈቃዱ ተጨርሶ ለመስቀል አዲስ አበባ እደርሳለሁ። አንድ ወር ሲኞራን የምታይልኝ ሓዳስ የምትባል ጓደኛ አለችኝ፤ «ሐሙስ ሐሙስ እንገናኛለን» ያልኩዎት እሷን ነው። የስልሳ ዓመት ሴት ናት፣ የደብሩ መዘምራን ውስጥ ታገለግላለች። ከእንግዲህ ስለ ጓደኞቼ አይጨነቁ።

ውሸቴን ይቅር ይበሉኝ። እኔም ያን ሁሉ ጊዜ ልጄ ጠፍታለች ብለው በሆድዎ ስለያዙት ይቅር ብዬዎታለሁ፤ አንዱን ያለ ሌላው መጠየቅ ስላልሆነልኝ ነው የምጽፈው። ለዕድሩ ሰዎችና ለጎረቤት ምን እንደሚሉ ደግሞ አይጨነቁ። ስመጣ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ፤ አሮጊት አስታምማለሁ፣ ሥራዬን እወደዋለሁ፣ ሲኞራም ይወዱኛል።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት። ይህን ደብዳቤ አንብበው ሲጨርሱ እኔ አለመታመሜን ያውቃሉ። ያኔ ሳህለን የሚያማክሩበት፣ የሚጠሩበት ምክንያት ያልቅብዎታል። እሱም የተፈለገው ለኔ ብቻ እንደነበር ያስብና ቅዳሜ ይቀራል። እባክዎ አባባ፣ በቅዳሜው ምሳ ላይ ወሬው ቢያልቅባችሁም፣ ዝም ብላችሁ ብትበሉም፣ እንዳይቀር ይንገሩት።

ልጅዎ
ማክዳ ፀሐዬ